መንግሥት ሲቀየር ስለ ባቡር ገንዘብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና እየጠጡ ፐርፕል ላይን የተባለውን፣ ገና እየተሠራ ያለ ቀላል ባቡር ማማት የተለመደ ነው። መንገዱ ለዓመታት ተቆፋፍሮ ቆይቷል። ሐዲዱን እናየዋለን፤ ተሳፍረንበት ግን አናውቅም። «ትራምፕ ተመልሶ መጣ፤ በቃ፣ አለቀለት» ይላል አንዱ። «ኦባማ እያለ ነበር መጨረስ» ይላል ሌላው። እኔም እንደነሱ ስል ኖሬያለሁ። ነገሩን ቆፈር ቆፈር ሳደርገው ግን ክርክራችን ከሥሩ የተሳሳተ ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋይት ሐውስን ብቻ ማየት። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባልቲሞርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ሬድ ላይን የተባለ ቀላል ባቡር ከአሥር ዓመት በላይ ሲታቀድ ነበር። ፌዴራል መንግሥቱም 900 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ጃንዋሪ 2015 ላይ ሪፐብሊካኑ ላሪ ሆገን የሜሪላንድ ገዥ ሆነው ገቡ፤ ጁን ላይ ሰረዙት። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ኦባማ ነበሩ። ሰጪው «እንካ» ሲል ተቀባዩ እጁን ሰበሰበ ማለት ነው።

በዚያው ቀን እኛ ሰፈር የሚያልፈው ፐርፕል ላይን ተረፈ። የስቴቱ ወጪ ተቀነሰ፤ የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ድርሻ ደግሞ ከፍ አለ። ተተኪው ገዥ ዌስ ሙር በ2023 ሬድ ላይንን እንደሚያስነሱት ተናገሩ። 900 ሚሊዮኑ ግን ቁጭ ብሎ አልጠበቃቸውም።

ፐርፕል ላይን ታዲያ ለምን ዘገየ? በምርጫ ብቻ አይደለም። ክስ ነበረበት፤ 2020 ላይ ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ጥሎ ወጣ።

የፕሬዚዳንቱን በጀት እንደ ሕግ መቁጠር። ትራምፕ በ2017 ባቀረቡት ረቂቅ የአምትራክ (በፌዴራል መንግሥት የሚደጎመው የመንገደኞች ባቡር ድርጅት) የረጅም ርቀት ባቡሮች ድጎማ እንዲቀር ጠየቁ። ኮንግረስ ግን ለ2018 በጀት ዓመት ለአምትራክ ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። ከዚያ በፊት የነበረው 1.5 ቢሊዮን ገደማ ነው። ኮንግረሱን የያዙትም ራሳቸው ሪፐብሊካኖች ነበሩ! ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። እነዚያ ባቡሮች የሚቆሙት ካንሳስና ሞንታና ውስጥ ባሉ ትንንሽ ከተሞችም ነው። የራሱን መራጮች ጣቢያ በገዛ እጁ የሚዘጋ ሴናተር ከየት ይመጣል?

«ይሄኛው ፓርቲ ባቡር ይወዳል» ማለት። አምትራክን ያቋቋመውን ሕግ በ1970 የፈረሙት ኒክሰን ናቸው። ከቤንዚን ቀረጥ ላይ በጋሎን አንድ ሳንቲም ለከተማ ትራንስፖርት እንዲሄድ ያደረገውን የ1982 ሕግ የፈረሙት ደግሞ ሬገን። ሁለቱም ሪፐብሊካን።

የተባለን ገንዘብ እጅ እንደገባ መቁጠር። ላም አለኝ በሰማይ። ፌዴራል ብሩን በጆንያ አያስረክብም። ፕሮጀክቱ ይመረጣል፣ ውል ይፈረማል፤ ከዚያ አሠሪው አካል እያወጣ ደረሰኝ ሲልክ ይመለስለታል። አስተዳደር የተቀየረው ከመፈረሙ በፊት ነው በኋላ? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ያልተፈረመውን መተው ቀላል ነው። የተፈረመው ቢያንስ ፍርድ ቤት ያስኬዳል፤ ግን እሱም ቢሆን መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

በኒው ዮርክና በኒው ጀርሲ መካከል በሃድሰን ወንዝ ሥር የሚያልፈው የባቡር ዋሻ ከ1910 ጀምሮ ያገለግላል። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ የጨው ውሃ ሞላበት። አዲስ ዋሻ ለመሥራት ውል ተፈርሞ ሥራው ተጀምሮ ሳለ፣ ኦክቶበር 2025 ላይ የትራምፕ አስተዳደር ለዚህ ዋሻና ለአንድ የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የተያዘውን 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገደ። ከዚያ በፊትም እዚያው ወንዝ ሥር የተጀመረ ሌላ ዋሻ ነበር። እሱን በ2010 የሰረዙት የኒው ጀርሲው ገዥ ክሪስ ክሪስቲ ናቸው።

ግንባታና ማስኬጃን መቀላቀል። በትልልቅ ከተሞች የፌዴራል ገንዘብ በአብዛኛው ለግንባታና ለጥገና እንጂ ለሾፌር ደመወዝ አይደለም። ደመወዙ የሚመጣው ከቲኬት፣ ከስቴትና ከከተማ ነው። ፊላደልፊያ ኦገስት 2025 ላይ 32 የአውቶቡስ መስመሮች የተሰረዙት የፔንሲልቬንያ ሕግ አውጪዎች በስቴቱ በጀት ላይ መስማማት ስላቃታቸው ነው። በመጨረሻም ለግንባታ የተቀመጠው ገንዘብ ለማስኬጃ እንዲውል ተፈቀደና አገልግሎቱ ተመለሰ። ቀዳዳው ተደፈነ፤ የነገው ጥገና ግን ተበላ።

«ገንዘቡን ብንመልሰው ለሌላ ይሆነናል» ማለት። በ2010 ምርጫ ስኮት ዎከር «ባቡሩን አስቆማለሁ» ብለው የዊስኮንሲን ገዥነትን አሸነፉ። ከሚልዋኪ ማዲሰን ለሚሄደው ባቡር የተመደበው 810 ሚሊዮን ዶላር ለአውራ ጎዳና ይዋልልን አሉ። አይቻልም ተባሉ። ገንዘቡ ተነስቶ ወደ ካሊፎርኒያና ወደ ሌሎች ስቴቶች ሄደ። እንደ ዊስኮንሲን ባቡሩን አልፈልግም ያለችው የኦሃዮም 400 ሚሊዮን አብሮ ሄደ።

ዋናው ጉድ ያለው ባቡሮቹ ላይ ነው። ከዎከር በፊት የነበረው አስተዳደር ከስፔኑ ባቡር ሠሪ ታልጎ ሁለት ባቡር አዝዞ ነበር፤ በሚልዋኪና በቺካጎ መካከል ሊመላለሱ። እዚያው ሚልዋኪ ውስጥ ተገጣጥመው አለቁ። ስቴቱ ግን አልፈልጋቸውም አለ። አንድ መንገደኛ ሳይጭኑ ለዓመታት ቆመው ከረሙ። በ2022 የናይጄሪያው ሌጎስ ስቴት ገዛቸው።