ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ማሞቅ፦ ከከሰሉ በፊት ኮርኒሱ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ አጥንት ይገባል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰል መጨመር ብር ወደ ሰማይ መላክ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮርኒስ። የእኔ የማዳበሪያ ጆንያ ነው፦ ተተርትሮ፣ ታጥቦ፣ ተሰፍቶ ሞራሌው ላይ በሚስማር ተወጠረ። አያምርም፤ ሙቀቱን ግን ይይዛል። ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበትን ክፍተት በጭድ ጭቃ ምረጉት። ከበሩ ሥር አሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ መወተፍ ይበቃል።

ክፍተቱ ከተደፈነ በኋላ ግን ከሰል ይበልጥ አደገኛ ነው። ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍሙ ይወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ልጆች ቢያለቅሱም ማንደጃው ውጭ ይደር።

የኤሌክትሪክ ምድጃ? 1,000 ዋት የሆነው በ3 ሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ፍጆታ ሲበዛ ታሪፉም ይወጣል። እኔ የማበራው ለራት ብቻ ነው።

ለመኝታ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት። የፈላ አትጨምሩበት፣ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ከላይ የመንዝ ባና ጣል አድርጉ፤ ይኮሰኩሳል፣ ነጠላ ከሥሩ ይደረግ።