ከእጥበት በኋላ የሸማ ቀሚስ ሲያጥር፣ ገበሩ ሲበልጥ

ደሴ ውስጥ የእናቶቻችንን የወጣትነት ቀሚስ፣ ወገቡ ጠበብ ታቹ ሰፋ ያለውን፣ በእጅ በተሸመነ ጥጥ መስፋት ጀምሬያለሁ። ከአንድ እጥበት በኋላ ሸማው አጥሮ የፖሊስተር ገበሩ ከታች ብቅ አለ፤ የወገቡ ስፌትም ተጨማደደ።

የክር ውጥረት መስሎኝ የሲንጀር ስፌት መኪናዬን የክር ማጥበቂያ አላላሁ። አልሆነም። መርፌውን ከ14 ቁጥር ወደ ቀጭኑ 11 ቁጥር ቀየርኩ፣ በእንፋሎት ካውያ ወጠርኩ፤ ሲታጠብ ተመልሶ ተሰበሰበ።

ችግሩ ከመቀሱ በፊት ነበር። ድሩ፣ ማለትም በጨርቁ ርዝመት የሚሄደው ክር፣ ተወጥሮ ስለሚሸመን ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል። አሁን ሳልቆርጥ ጨርቁ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር በክር ምልክት አደርጋለሁ፤ ለብ ባለ ውሃ አሳድሬ፣ ሳልጠመዝዝ ጥላ ላይ አድርቄ እተኩሳለሁ። ምልክቱን እለካለሁ፤ ማጠሩን እስኪያቆም እደግመዋለሁ። ቀለም የሚለቅ ጥለትም እዚሁ ይጋለጣል፣ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ገበሩንም ወደ ጥጥ ቀይሬ አብሬ እነክረዋለሁ።