ላሜራው ጠዋት ጠዋት ለምን ያልባል? ተሳቢን ማደሪያ ሲያደርጉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ትንሽ የዕቃ ተሳቢ ገዝቶ፣ አልጋና መብራት አስገብቶ፣ ቅዳሜና እሑድን ጎርጎራ ወይም ደባርቅ ማደር ደስ ይላል። እኔ ጎንደር ላይ አንዱን እንዲህ ሠርቼ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል። ኋላ ሳስበው የአብዛኛው ችግር ሥር አንድ ነው። ተሳቢው የተሠራው ለዕቃ ነው። የሲሚንቶ ከረጢት አይተነፍስም፣ ቡና አያፈላም፣ መብራት አብሩልኝም አይልም።

ጠዋት ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ፍራሹ ከሥር ረጥቧል

ብዙ ሰው «ያፈሳል» ብሎ ወደ ሲሊከን ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። ደባርቅ አድሬ ስነሳ ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ተመልሼ ለቀለቅሁት። በሚቀጥለው ጉዞም ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ልለቀልቅ አዘዞ አንድ በያጅ ጋ መሰላል ልዋስ ስሄድ፣ «ኧረ አንተ ልጅ፣ በኅዳር የቱ ዝናብ ነው የሚያፈስብህ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ውሃው የራሳችን ትንፋሽ ነበር። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ታልፋለች። ሌሊት ላሜራው ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ሲያርፍበት ውሃ ይሆናል። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ከውስጥ የሚያንጠባጥበውን አስቡት።

መለየቱ ቀላል ነው። ባልዘነበበት ሌሊት ሰው አድሮበት ከረጠበ ላብ ነው። ባዶውን ተዘግቶ ዝናብ አድሮበት ከረጠበ ያፈሳል። ጠብታው በብሎኖቹ ራስና በብረት ቋሚዎቹ መስመር ከተደረደረም ላብ ነው፤ ብርዱ የሚገባው በብረቱ በኩል ነውና።

መፍትሄው ሁለት ቀዳዳ ነው። አንዱ ታች፣ ሌላው በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ፣ ሁለቱም ወንፊት ያላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ይደሩ። ብርድ ፈርታችሁ እንዳትደፍኗቸው፤ ጋቢ ደርቡ። ከዚያ ፎሙን ላሜራው ላይ ክፍተት ሳትተዉ ለጥፉ። ብረቶቹንም በስስ ፎም ሸፍኗቸው፤ ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። ኮምፔንሳቶው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፍራሹን ደግሞ ወለል ላይ ሳይሆን በርብራብ ላይ አንጥፉት።

በእርግጥ የሚያፈስ ከሆነ

ውሃው የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደለም። በውስጥ ተንሸራቶ ሩቅ ሄዶ ይወጣል። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታች ወደ ላይ በየተራ ውሃ ያፍስስ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም አብሮ ስለሚረጥብ ምንም አታገኙም። ቀዳዳው ሲገኝ የድሮውን ሲሊከን ፍቃችሁ አንሱት። አዲስ ሲሊከን በድሮው ላይ አይዝም፤ የኔም ሁለተኛ ልቅለቃ ለዚህ ነበር የተላጠው። ይህን ሥራ ከሰኔ በፊት ጨርሱት።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር

እዚህ ጋ ቀልድ የለም። ከሰል ወይም ጋዝ ውስጥ አንድዳችሁ ከሆነ ወዲያው ወጥታችሁ አየር ውሰዱ። የደከመ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ሐኪም ቤት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንዲህ ባለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ በተኛችሁበት ይገድላል። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ አይጨስም» የሚለው አያዋጣም፤ ፍሙም ያመነጫል። ቡናው ውጭ ይፈላ። የጋዝ ሲሊንደሩም ውጭ ይታሰር፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ማያያዣውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ።

መንገድ ላይ ጭራውን ይወዘውዛል

የኔ ጥፋት ውሃው ነበር። 100 ሊትር በርሜል ከኋላ በር ሥር አስቀመጥኩ፤ ያ 100 ኪሎ ነው። ትርፍ ጎማውንም እዚያው ሰቀልኩ። ኋላው ሲከብድ ጋንቾው ላይ (ተሳቢው ከመኪናው የሚያያዝበት ላይ) ያለው ጫና ይቀላል፣ ተሳቢው መኪናውን መንዳት ይጀምራል። ጋንቾው ላይ ማረፍ ያለበት ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ተሳቢው 800 ኪሎ ቢሆን ከ80 እስከ 120 ኪሎ መሆኑ ነው። የሰው ሚዛን ይበቃል። ጎማውን በድንጋይ አስይዙ፣ ተሳቢውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ፣ ምላሱን (ከተሳቢው ፊት የወጣውን መያያዣ ብረት) በጋንቾው ከፍታ ሚዛኑ ላይ አሳርፉ። ቀለለ? በርሜሉን ከአክሱ ትንሽ ወደ ፊት አምጡት።

እየነዳችሁ ቢወዛወዝ ፍሬን አትርገጡ፣ ነዳጅም አትስጡ። እግራችሁን አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ይህን ሳታስተካክሉ የሊማሊሞን ቁልቁለት አትሞክሩት።

ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው ይበራል

ማሳው ነው፤ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር። መብራቱ በጋንቾው ብረት በኩል ማሳ እየፈለገ ነው፤ ቀለም፣ ዝገትና ግራሶ ደግሞ ይከለክሉታል። ከመኪናው እስከ ተሳቢው የራሱ የማሳ ሽቦ ይዘርጋ፣ ብረቱም እስኪያበራ ይፋቅ።

ባትሪው ሙሉ ነው፣ ፍሪጁ ግን ይጠፋል

ሽቦው ቀጭን ነው። 12 ቮልት በቀጭንና ረጅም ሽቦ ሲሄድ ይደክማል፣ የፍሪጁ ሞተር ሊነሳ ሲል ቮልቱ ይወርዳል። ሽቦውን አወፍሩት፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገቡ። የመኪና ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሶላሩን ብዙ አትመኑት።

አልጋው አቧራ በአቧራ

ከደባርቅ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ስትገቡ ፒስታ ነው። የሚሄድ ተሳቢ ከኋላው አየር ይስባል፣ አቧራውም በኋላ በር ክፍተት ይገባል። የበሩን ጎማ ቀይሩ። ስትነዱ የኋላ ቀዳዳዎቹን ዘግታችሁ ከፊት ከፍ ያለውን ክፈቱ፤ ውስጡ ሲወጠር አቧራው አይገባም። ስትደርሱ መልሳችሁ መክፈት አትርሱ።

ባቄላው አልበስል አለ

እዚህ ተሳቢው ምንም አላጠፋም። ፓርኩ ውስጥ ያለው ማደሪያ ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ውሃ እዚያ 88 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ቤታችሁ ቀቅላችሁ ውሰዱት።