ትኩስ የሸርጣን ዲፕ ሾርባ እንዳይሆንባችሁ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር ሰው ይዋል ይደር እንጂ ከሸርጣን ጋር መፋጠጡ አይቀርም። እኔን ያፋጠጡኝ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ሁሉም ከቤቱ የሆነ ነገር ይዞ በሚመጣበት ግብዣ ላይ አንዷ ትኩስ የሸርጣን ዲፕ ይዛ መጣች። አይብና ሸርጣን ነው፤ ዳር ዳሩ ገና ይንተከተካል። በዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። አንዴ ልቅመስ ብዬ ጠረጴዛው ጋ ተተክዬ ቀረሁ።

በሳምንቱ እኔም ሞከርኩት። ይርከስልኝ ብዬ በሸርጣኑ ፈንታ ከፍሪዘር የወጣ ሽሪምፕ ገዛሁ። በረዶው በወጉ ሳይለቅ፣ ሳላጠነፍፈው ከአይቡ ጋር ደባለቅኩት። ከኦቨን የወጣው ሾርባ ነበር። እንግዶቼ ይሉኝታ ይዟቸው በማንኪያ በሉልኝ። የዲፕ ጠላቱ ውሃ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ለስምንት ሰው ያህል ይበቃል።

አንድ ፓኬት ክሪም ቺዝ (226 ግራም) እንግዳ ከመምጣቱ ከሁለት ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አወጣለሁ። ቀዝቃዛውን ከመታችሁት እየጓጎለ ያስቸግራችኋል። ሲለሰልስ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ ሦስት ሳወር ክሪም፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄትና አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ኦልድ ቤይ ጨምሬ አሸዋለሁ። ኦልድ ቤይ የዚህ አገር በርበሬ በሉት፤ ሸርጣን ካለ እሱ አይታሰብም። ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ባልቲሞር የገባው ጉስታቭ ብሩን ነው የቀመመው። ጨው ስላለው ሌላ ጨው አትጨምሩ። ሸርጣኑ ከመግባቱ በፊት ቅመሱና ሎሚውን አስተካክሉ።

ሸርጣኑን ተፈልፍሎ የተሸጠውን፣ 454 ግራም የሚይዘውን ቆርቆሮ ግዙ። ትልልቅ ቁርጥ ያለው በጣም ውድ ነው፤ አይብ ውስጥ ለሚገባ ነገር ገንዘብ ማባከን ነው። የጥፍሩ ሥጋ ጠቆር ይላል እንጂ ጣዕሙ እንዲያውም ይበልጣል። ወንፊት ላይ አጠንፍፉት። ከዚያ ሰፊ ሳህን ላይ በትኑና ምስር እንደምትለቅሙ በጣታችሁ ዳብሱት። ቀጭን፣ ጥፍር የሚመስል ስባሪ ይገኛል። ተፈልፍሏል ብላችሁ አትመኑ፤ እኔ አንዴ አምኜ የእንግዳ ጥርስ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።

ሸርጣኑን መጨረሻ ላይ ጨምሩና በማንኪያ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያላችሁ ገልብጡት። ካሻችሁት ይፈረፈራል። የኦቨን ሳህን ላይ አፍሱ፣ አንድ እፍኝ የተፈቀፈቀ ቼዳር በትኑበት። በ350 ፋራናይት (ወደ 175 ሴልሺየስ) ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ዳሩ ሲንተከተክና ላዩ ወርቃማ ሲሆን አውጡ። አምስት ደቂቃ አሳርፉት፣ አፍ ያቃጥላል።

ሐበሻ ስጋብዝ ግን ሁለት ሳህን ነው የማዘጋጀው። ባለፈው ገና አክስቴ መጡ። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ሥዕል ትክ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኼን ሸረሪት ነው የምታበላን?» አሉኝ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ ቤታቸው አይገባም። «የእርስዎ እዚህ ጋ ነው፣ አክስቴ» ብዬ የቱናውን አቀረብኩ። አሠራሩ ያው ነው፤ በሸርጣኑ ፈንታ ሦስት ቆርቆሮ ቱና በእጅ ጭምቅ ተደርጎ ይገባል። በኦልድ ቤዩ ፈንታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ ደቆ የተከተፈ ቃሪያና ትንሽ ጨው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ይኼኛውን እመርጣለሁ። የሁለቱን ሳህን ማንኪያ አታቀላቅሉ፤ ሸርጣን አለርጂ የሆነበት ሰውም ሊኖር ይችላል፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አይብ ስላለው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አትጥሩበት።

ለማጥቀሻ የተጠበሰ ዳቦ ይበቃል። እኔ እንጀራ በሦስት ማዕዘን ቆርጬ ኦቨን ውስጥ ድርቆሽ እስኪሆን አደርቃለሁ። አይሰበርም፣ ዓይኑም አይቡን ይይዛል።

ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። የተረፈ ካለ ፍሪጅ ይግባ። ጠዋት ከእንቁላል ጋር ሞክሩት።