ላይብረሪው አለ፣ ሲሜክ ግን «የለም» ይላል

ኮምቦልቻ ላለ አንድ መጋዘን የባርኮድ ፕሮግራም ኡቡንቱ ላይ ኮምፓይል ሳደርግ፣ ኮምፓይሉን የሚያዘጋጀው ሲሜክ «ሊብዩኤስቢ አልተገኘም» ብሎ ድርቅ አለ። ፕሮግራሙን ከዩኤስቢ መሣሪያዎች ጋር የሚያገናኘው ይህ ላይብረሪ እኮ አለ! ኔትወርክ ስላስቸገረ ኮዱን ከደሴ በፍላሽ አምጥቼ «ኦፕት» ፎልደር ሥር ጭኜዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሜክ ዲስኩን ሙሉ አያስስም። እዚህ ፕሮጀክት ላይ የሚጠይቀው ፒኬጂ-ኮንፊግ የሚባለውን የላይብረሪ መረጃ ፈላጊ ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቃቸውን ጥቂት ፎልደሮች ብቻ ከፍቶ፣ ስሙ በ«ፒሲ» የሚያልቅ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይፈልጋል። ሄደሮቹ (ኮዱ ላይብረሪውን ለመጠቀም የሚያነባቸው ፋይሎች) የት እንዳሉ፣ ኮዱን ከላይብረሪው ጋር የሚያጣምረው ሊንከር ምን እንደሚያያይዝ፣ ቨርዥኑ ስንት እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ያ ፋይል ካልታየው ላይብረሪው ኖረም አልኖረም ያው ነው።

«ፒኬጂ_ኮንፊግ_ፓዝ» በሚባለው ቫሪያብል ላይ «/ኦፕት/ሊብዩኤስቢ/ሊብ/ፒኬጂኮንፊግ»ን ጨመርኩ። የድሮውን የቢልድ ፎልደርም አጠፋሁት፤ ሲሜክ የቀድሞ ውጤቱን ካሽ አድርጎ ይይዛል፣ አላምነውም። ወዲያው አገኘው።

ፕሮግራሙ ከተጫነ በኋላ ሲነሳ ደግሞ ላይብረሪውን መክፈት አቃተው። ይሄ ሌላ ፍለጋ ነው፤ ፕሮግራም ሲነሳ ላይብረሪዎቹን የሚከፍትለት ሎደር ፒሲ ፋይል አያይም። የ«ሊብ» ፎልደሩን አድራሻ «/ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ» ውስጥ ባለ የ«ኮንፍ» ፋይል ላይ ጽፌ፣ የሎደሩን ዝርዝር እንዲያድስ በሱዶ «ኤልዲኮንፊግ» አልኩ። ተነሳ።

ላይብረሪውን በኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ በአፕት የምትጭኑ ከሆነ ግን «ዴቭ» የሚል ያለበትን ፓኬጅ ጫኑ። አለዚያ ሄደሩም ፒሲ ፋይሉም አይመጣም።