ዌይት ሚ፣ ኤክስፕሌን ሚ፣ ዲስከስ አባውት፦ የእንግሊዝኛ ግስና መስተዋድድ ችግርና መፍትሄ

የሥራ ማመልከቻ፣ የቪዛ ደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ ሳርም ቀዩ እስክሪብቶ ደጋግሞ የሚያርፈው ግስና መስተዋድድ (እንደ ፎር፣ ቱ፣ አት ያለው ትንሽ ቃል) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። «ሂ ጎ» እና «ሂ ጎዝ»፣ የአሁንና የኃላፊ ጊዜ፣ እነዚህ ተፈትሸው አልቀዋል ብዬ ልነሳ። እዚህ የሚወድቀው ሰዋስው የሚያውቅና ቃላት የማያጥረው ሰው ነው።

ምልክት አንድ፦ መስተዋድዱ የለም

«ዌይት ሚ»፣ «ሊስን ሚ»፣ «ሉክ ሚ»፣ «ኤክስፕሌን ሚ»፣ «ሂ ሴድ ሚ»። ከሌላው ሁሉ በላይ የማየው ይህን ነው። መንገድ ላይ ይሰማል፣ ቢሮ ውስጥ ይሰማል፣ የማስተርስ ጽሑፍ ውስጥም አይጠፋም።

መንስኤው ያለው አማርኛችን ውስጥ ነው። ጠብቀኝ፣ ስማኝ፣ እየኝ፣ አስረዳኝ፣ አለኝ። ሰውየው ግሱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፤ «ኝ» ብቻዋን ሥራውን ትጨርሳለች። ስለዚህ ተናጋሪው «ዌይት ሚ» ሲል የጎደለ ነገር አይሰማውም። እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ግሶች በቀጥታ ሰው ላይ አያሳርፋቸውም፤ መሐል የሚገባ ይፈልጋል። ዌይት ፎር ሚ፣ ሊስን ቱ ሚ፣ ሉክ አት ሚ፣ ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ፣ ሂ ሴድ ቱ ሚ።

«ቢሆንስ ምን አለበት፣ ይገባቸዋል» የሚለኝ ብዙ ነው። ዌይት ሚ ላይ አዎ፣ ይገባቸዋል። ሰርች የሚለው ግስ ላይ ግን አይገባቸውም፤ የሚገባቸው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ቃሉን ራሱ በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዳየው ሰጠኝ። ወታደሮቹ ወንድሜን ፈለጉት ለማለት «ዘይ ሰርችድ ማይ ብራዘር» ብሏል። ይህ በእንግሊዝኛ ፈተሹት ነው፤ ኪሱን ገለበጡ፣ ልብሱን በረበሩ ማለት። ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ወንድሙ በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ እንዳልነበረ ይናገራል። ወረቀቱን የሚያነበው መርማሪ አማርኛ አያውቅም። የሚያየው ያልነበረ ሰው ተፈተሸ የሚል ታሪክ ነው፤ በጥገኝነት ጉዳይ ደግሞ ርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል ጠያቂውን እንዳይታመን ያደርገዋል። «ሰርችድ ፎር ማይ ብራዘር» ቢል ኖሮ ምንም ግጭት አልነበረም። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ያለ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ሰርች ያለበትን መስመር ሁሉ ዛሬውኑ እዩት። ለፖሊስ በሰጣችሁት ቃልና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይም እንዲሁ።

መፍትሄው ግስን ብቻውን አለማጥናት ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሸጡት የግስ ዝርዝሮች መስተዋድዱን ቆርጠው «ዌይት = መጠበቅ» ብለው ያትማሉ። ይህን የሸመደደ ተማሪ ስህተቱን አብሮ ነው የሸመደደው፤ በኋላ ለማስለቀቅ የሚወስደው ጊዜ ከመጀመሪያው ጥናት ይበልጣል። ደብተራችሁ ላይ «ዌይት ፎር ሰምዋን» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሰውና ነገሩን እየቀያየራችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፦ ዌይት ፎር ሚ፣ ዌይት ፎር ሂም፣ ዌይት ፎር ዘ ባስ። ቀጥሎ ወደ ጥያቄ ቀይሩት፦ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» በጥያቄ ጊዜ መስተዋድዱ መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ በአረፍተ ነገር የማይሳሳት ሰው እንኳ እዚህ ጋ ይጥለዋል።

ኤክስፕሌን ለብቻው ትኩረት ይፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉም ይጠብቃልና። ነገሩ ይቀድማል፣ ሰውየው በቱ ይከተላል፦ «ኤክስፕሌን ዘ ፕሮብለም ቱ ሚ»። ዲስክራይብ፣ ሰጀስት፣ አናውንስ፣ ኢንትሮዲዩስም እንደዚሁ ናቸው፤ ረዘም ያሉና ምንጫቸው ላቲን የሆነ ግሶች ይህን ጠባይ ያበዛሉ። ጊቭ፣ ሴንድ፣ ሾው፣ ቴል የመሳሰሉት አጫጭሮች ግን ሰውየውን ያለ መስተዋድድ ያስቀድማሉ፦ ጊቭ ሚ ዘ ቡክ። ሴይ አጭር ሆኖ ሳለ ከረጃጅሞቹ ወገን ነው፣ እሱን ለይታችሁ ያዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን የተማረ ሰው በሳምንቱ ቱን በየቦታው መበተን ይጀምራል። «ቴል ቱ ሚ»፣ «አስክ ቱ ሂም»፣ «ኮል ቱ ሚ»። ዱባይ ሆቴል ለመቀጠር ስትዘጋጅ የነበረች ልጅ ኤክስፕሌንን ፍጹም አድርጋ አስተካክላ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ «አይ ቶልድ ቱ ማይ ማናጀር» ብላ ወጣች። ቴል፣ አስክ፣ አንሰር፣ ሄልፕ፣ እንዲሁም ለስልክ ሲሆን ኮል፣ ሰውን በቀጥታ ይይዛሉ። «ደውልልኝ» ውስጥ ያለችው «ልኝ» አታታልላችሁ።

ምልክት ሁለት፦ ትርፍ መስተዋድድ

«ዲስከስ አባውት ዘ ኢሹ»፣ «ኢምፋሳይዝ ኦን»፣ «ሪኩዌስት ፎር»፣ «ኮንታክት ዊዝ ሂም»፣ «አቴንድ ኦን ዘ ሚቲንግ»። ስለ ጉዳዩ ተወያየን፣ በስብሰባው ላይ ተገኘሁ፣ ከእሱ ጋር ተገናኘሁ፤ አማርኛው ይገፋፋል። ሁለተኛ ገፊም አለ፣ እሱን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። እነዚሁ ቃላት ስም ሲሆኑ መስተዋድዱ ልክ ነው፦ ኤ ዲስከሽን አባውት፣ ኤን ኢምፋሲስ ኦን፣ ኤ ሪኩዌስት ፎር። ሰው ስሙን በትክክል ይሰማና ወደ ግሱ ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ቃሉ እዚህ ቦታ ስም ነው ወይስ ግስ? ግስ ከሆነ መስተዋድዱን አውጡት፤ ዲስከስ ዘ ኢሹ፣ አቴንድ ዘ ሚቲንግ። «አቴንድ ቱ» የሚባል አለ፣ ግን እሱ ጉዳይን መከታተል ወይም በሽተኛን መንከባከብ ነው።

ምልክት ሦስት፦ «ላይ» ሁሉ «ኦን» ሆኗል

በስልጠናው ላይ ተሳትፌያለሁ ሲተረጎም «ፓርቲሲፔትድ ኦን» ይሆናል፤ ትክክሉ ኢን ነው። የሲቪዎቻችን ቋሚ ጠባሳ ነውና ከመላካችሁ በፊት ፈልጉት። መድረስም ያስቸግራል፦ ሪች መስተዋድድ አይፈልግም፣ አራይቭ ግን ለከተማና ለአገር ኢን፣ ለኤርፖርትና ለጣቢያ አት ይወስዳል። «አራይቭ ቱ» የለም።

ምልክት አራት፦ «ተርን ኦፍ ኢት»

አጥፋው ስንል «ው» መጨረሻ ላይ ስለሆነች ኢትንም መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሙ መሐል ይገባል፦ ተርን ኢት ኦፍ። ሙሉ ስም ሲሆን ሁለቱም ይሄዳል፦ ተርን ኦፍ ዘ ላይት፣ ተርን ዘ ላይት ኦፍ። ይህን ወደ ሁሉም ግስ አትውሰዱት። አፕ፣ ዳውን፣ ኦፍ፣ አውት፣ አዌይ ብዙ ጊዜ ከግሱ ይነጠላሉ፤ አት፣ ፎር፣ ቱ፣ ዊዝ፣ አፍተር ግን ከግሱ በኋላ ተውላጠ ስሙን ያስከትላሉ፦ ሉክ አፍተር ሂም፣ ፑት አፕ ዊዝ ኢት። የእነዚህ ጥምር ግሶች ትርጉም ከቁርጥራጩ አይገመትም። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ ለባዕድ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው ብሎ ስለጻፈ፣ ከብዷችሁ ከሆነ የችሎታ ማነስ አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ»፦ ከቱ በኋላ ኢት ብታስገቡ አረፍተ ነገሩ ትክክል ይሆናል፤ ስለዚህ ቱው መስተዋድድ ነው፣ ሚቲንግ በሉ።

«ኮምፕራይዝ ኦቭ»፦ ኦቭን አውጡ፤ ኮንሲስት ግን ኦቭን ይፈልጋል።

«ሜሪድ ዊዝ»፦ ሜሪድ ቱ።

«ፊል ኢን» ወይስ «ፊል አውት ዘ ፎርም»፦ የመጀመሪያውን እንግሊዞች፣ ሁለተኛውን አሜሪካውያን ያዘወትራሉ፤ ሁለቱም ትክክል ነው። «ራይት ሚ»ም አሜሪካ ውስጥ ይባላል፣ ለንደን ሲሆን ራይት ቱ ሚ ይሻላል።

የስልክ መተርጎሚያ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጠላ ግስ አታስገቡበት፤ መስተዋድዱን ሳይነግራችሁ ቃሉን ብቻ ይሰጣችኋል። ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ትርጉሙን እለፉትና ምሳሌዎቹን አንብቡ፤ ከግሱ ቀጥሎ የምትመጣውን ትንሽ ቃል የምታገኙት እዚያ ነው።