ደራሽ ውሃ የሚያሰጋው ከተማ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋን መሃል ለመሃል የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ውሃ የለበትም። ሰው ከቀዚራ ወደ መጋላ በአሸዋው ላይ ያቋርጣል፣ ከብት ይነዳል፣ አሸዋ ዝቆ ይጭናል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ በዚሁ አሸዋ ላይ የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ሺዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ቀጥሎ የምዘረዝረው ሁሉ ምሳሌው ድሬ ይሁን እንጂ ለሸዋ ሮቢትም፣ ለኮምቦልቻም፣ ተራራ ሥር ለተቀመጠ ከተማ ሁሉ ይሆናል።

የራስን ሰማይ ብቻ ማየት

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከከተማዋ በላይ ደንገጎ ላይ ያለው ደጋ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ደመና ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ዛፍ ያጣ ቁልቁለት ደግሞ ውሃ አያቆይም፤ የወረደው ሁሉ ወዲያው ወደ ሸለቆው ይሮጣል። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ወንዝ ጠባቂ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ደጋው ላይ ዘንቧል ወይ?» ብሎ ነው። መልሱን የሚሰጥ የዝናብ መለኪያና ስልክ ያለው ሰው ላይኛው ተፋሰስ ውስጥ ከሌለ፣ ከተማው ውስጥ የተተከለ መሣሪያ የሚነግረን የደረሰብንን ብቻ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ውሃ በሰከንድ 3 ሜትር ከሄደ 10 ኪሎ ሜትሩን በ56 ደቂቃ ይጨርሳል። መለኪያው ድልድዩ ሥር ከሆነ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ዜሮ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ልጆችንና አቅመ ደካሞችን ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ አለ።

ጎርፍ የክረምት ነው ብሎ በልግን መዘንጋትም የዚሁ ስህተት ዘመድ ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ሰው የሞተበት ጎርፍ የመጣው በበልግ ዝናብ ነበር።

በቀን ሁለት ጊዜ አንብቦ መዝጋት

በአገራችን ብዙ ወንዞች ዳር የቆመው መለኪያ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ሰሌዳ ነው። በአቅራቢያው የሚኖር ሰው ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ አይቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ቀስ ብሎ ሞልቶ ቀስ ብሎ ለሚጎድል ትልቅ ወንዝ ይህ ይበቃል። ከተራራ የሚወርድ ደራሽ ውሃ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት መጥቶ ሳይነጋ ያልፋል፤ መዝገቡ ላይ የሚቀሩት ሁለት ሰላማዊ ቁጥሮች ናቸው። ከዓመታት በኋላ ያንን መዝገብ ይዞ ድልድይ የሚነድፍ መሐንዲስ ወንዙን ፈጽሞ አያውቀውም ማለት ነው።

በየጥቂት ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ቢኖር መልካም። ከሌለ፣ ደጋው ላይ ደመና በጠቆረ ቁጥር በየግማሽ ሰዓቱ ይነበብ። ከጎርፍ በኋላም ሳይውል ሳያድር ምልክቱን ፈልጉ፦ ግድግዳ ላይ የቀረው የጭቃ መስመር፣ ግራር ላይ የተንጠለጠለው ገለባና ፌስታል ውሃው የት እንደደረሰ ያሳያል። ቀጣዩ ዝናብ ሳያጥበው በቀለም አስምሩበት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ለኩ፣ ቀኑን ጻፉ። ወጪው አንድ ጣሳ ቀለም ነው፤ ጥቅሙ ግን ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይበልጣል።

ከፍታውን አይቶ ፍጥነቱን አለማየት

ቀኑን ሙሉ 1 ሜትር ላይ የቆመ ውሃና በ10 ደቂቃ 40 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ 1 ሜትር የደረሰ ውሃ መዝገብ ላይ እኩል ናቸው። ሁለተኛው ግን ገና እየመጣ ነው። የማስጠንቀቂያ ደንብ ሲወጣ «ስንት ደረሰ» ከሚለው ጎን «በስንት ደቂቃ ስንት ጨመረ» የሚል ይግባበት። የውሃው ቀለም መደፍረስ፣ ቅርንጫፍና ግንድ ይዞ መውረዱ፣ ድንጋይ ሲንከባለል የሚሰማው ድምፅ፣ እነዚህን የወንዝ ዳር ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቃቸዋል። መዝገቡ ላይ ቦታ ይሰጣቸው።

አሸዋው እንዳለ ይኖራል ብሎ ማሰብ

ጎርፍ አንዱን ቦታ ይቦረቡራል፣ ሌላውን በደለል ይሞላል፤ አሸዋ የሚዝቁትም የድርሻቸውን ይለውጣሉ። አምና 2 ሜትር ከፍታ ማለት የነበረው የውሃ መጠን ዘንድሮ ሌላ ነው። የወንዙ ወለል ከየጎርፉ በኋላ እንደገና ካልተለካ፣ ከፍታን ወደ ውሃ መጠን የሚቀይረው ሠንጠረዥ ይዋሻል።

የመሣሪያን ዝምታ እንደ ሰላም መቁጠር

ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀርመን ውስጥ በአር ሸለቆ የሆነው ለማንም ትምህርት ነው። አልተናር የሚገኘው መለኪያ 5.75 ሜትር ካሳየ በኋላ መረጃ መላክ አቆመ፤ ከዚያ በፊት የተመዘገበው ትልቁ ከፍታ 3.71 ሜትር ነበር። በሸለቆው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። መለኪያ በጎርፍ ወቅት ዝም ካለ የመጀመሪያው ግምት «ውሃው ወሰደው» መሆን አለበት፤ ኔትወርክ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም።

ከዚያው ሸለቆ ሌላም ነገር አለ። በ1804 እና በ1910 እ.ኤ.አ. ታላላቅ ጎርፎች ደርሰው ነበር፤ የአደጋው ስሌት ግን የተመሠረተው ከ1940ዎቹ ወዲህ ባለው መዝገብ ላይ ነበር። እኛም ዘንድ የቆዩ አዛውንቶች «ውሃው እዚህ ደርሶ ነበር» ሲሉ ዝም ብሎ ማለፍ ያው ስህተት ነው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል ቀጣዩ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው ብሎ መተኛት

ትርጉሙ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ነው። ቤቱ 30 ዓመት ከቆመ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመጥለቅለቅ ዕድሉ ከመቶ 26 ገደማ ይሆናል። የመከላከያ ግንብ ሲሠራም እንዲሁ ነው፤ ግንቡ የተሠራበትን ልክ ያህል ይከላከላል፣ ከዚያ በላይ ከመጣ ይዘለላል። ከግንቡ ጥግ አዲስ ሰፈር መቆርቆር አደጋውን መልሶ መትከል ነው።

ማስጠንቀቂያን ቢሮ ውስጥ ማስቀረት

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመለኪያ አንባቢው ለማን ይደውላል? ያ ሰው ካላነሳ ተከታዩ ማነው? የየሰፈሩን ሰው የሚቀሰቅሰው ማን ነው፣ በምን ድምፅ? ድሬዳዋ ላይ መልእክቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ መድረስ አለበት። ሰው የሚሸሽበት ከፍታ ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቅ፣ መንገዱም በእግር ይሞከር። ውሃ የተሻለ መንገድ የለኝም ብሎ የሚገባበትን ሰው አይምርም፤ የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ላይ ሳይደርስ አዋቂን ይጥላል፣ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ልምምዱ በበጋ፣ አሸዋው ደረቅ ሳለ፣ በሌሊት ይደረግ፤ ስልክ የማይነሳበትና ድምፁ የማይሰማበት ቤት የሚታወቀው ያኔ ነው።